ኪስ የሌለው ጋዋን

ጥቅምት 5

በዚህ ከተማ ልብስ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፀሐይዋ ብቅ ትልና ገና ሳንጠግባት "በሉ ደህና ዋሉ" ብላ ትሄዳለች። እኔ፣ ስንቱን ተማሪ ባልትና ያስተማርኩት ሴትዮ፣ እዚህ መታወቂያዬ ላይ የተጻፈልኝ ሥራ "የሠራተኛ ባለቤት" የሚል ነው። ተቀጥሬ መሥራት አይፈቀድልኝም። ስለዚህ አጥባለሁ።

ባሌ ኤምባሲያችን ውስጥ የመልእክት ክፍል ሠራተኛ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣውን አጫጭር መልእክት በውጪኛው ክፍል ይቀበላል። ረጅሙና ምስጢሩ ሲመጣ ግን ውስጠኛው ክፍል ይገባል። እዚያ የሚገባ ሰው ወረቀት ሸጉጦ እንዳይወጣ ኪስ የሌለው ነጭ ጋዋን መልበስ አለበት። ማተሚያው አሮጌ ስለሆነ ቀለም ይተፋል፤ ጋዋኑ ከዚያ ክፍል በወጣ ቁጥር እጀታውና ደረቱ ጥቁር ነው። ደንቡ "ጋዋን ከቢሮ አይወጣም፣ ምድር ቤት ባለው ማሽን ይታጠባል" ይላል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ግን እኛ ከመጣን ጀምሮ ተበላሽቶ ቆሟል። ማሠሪያ ገንዘብ ሲጠየቅ "በሂደት ላይ ነው" ይባላል። ዘበኛው በቀዝቃዛ ውሃ እያሸ አመድ አስመስሎ ሲመልስለት አንጀቴ አረረ። "አምጣው፣ እኔ አጥበዋለሁ" አልኩት። "አይወጣም" አለ። ነዘነዝኩት፣ ነዘነዝኩት፣ በመጨረሻ አመጣው። አሁን ሁለቱን ጋዋኖች እያፈራረቅኩ አጥባለሁ።

በሎሚና በጨው ነው የማስለቅቀው። ዛሬ ነጥቶ ገመድ ላይ ሳየው፣ እውነቱን ልጻፍ፣ በዚህ አገር የምኮራበት ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ጥቅምት 9

የፒያኖዋ ስጦታ ይዛ መጣች። ለልጃችን ለሚጢጢ ፒያኖ የምታስተምረው ጎረቤታችን ናት፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን ትኖራለች። የሷም አገር አይደለም ይኼ። አባቷ እኛ አገር ሲሠራ እዚያ ስላደገች ቋንቋችንን ከኔ እኩል ታቀላጥፈዋለች። ከትምህርቱ በኋላ ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስነጋገር ውዬ እሷ "እህቴ" ስትለኝ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

ስጦታው ጠንካራ የልብስ ገመድ ነው፣ ከነመቆንጠጫው።

"በጓሮ በኩል አትስጪ፣ እዚያ ልብስ ይሸታል እንጂ አይደርቅም" አለችኝ። "በመንገዱ በኩል፣ በረንዳው ላይ ወጥሪው። ያለችው ፀሐይ በዚህ በኩል ናት።"

ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ አብራኝ ወጠረች። ባሌ እንኳ ምስማር ምታ ካልኩት ወር ይፈጅበታል።

ጥቅምት 16

የፒያኖዋ ከኔ ጽዳት ተማረች ብል ማን ያምነኛል! የባሌን ጋዋን በሰጣሁ ቁጥር እሷም ቀይ ብርድ ልብሷን መስኮቷ ላይ ታናፍሳለች። አንሶላና ፎጣ ስሰጣ ግን ምንም የለም።

"ነጩን ሳየው እቀናለሁ፣ ከዚያ እኔም ልሥራ ያሰኘኛል" አለችኝ ስጠይቃት። በሳቅ ፈረስን። መምህርት የትም ብትሄድ መምህርት ናት።

ጥቅምት 21

የአምባሳደሩ ባለቤት ሚስቶቹን ሁሉ ሰብስበው ሻይ በሚል ሰበብ ወረዱብን። ድርድሩ ተበላሽቷል። መመሪያ ከአገር ቤት እስኪመጣ ድረስ እነዚያ፣ ማለት የወዲያኛው ወገን ተደራዳሪዎች፣ ጭጭ ይላሉ። መመሪያው በገባ ማግስት "ዛሬውኑ እንገናኝ" ብለው ይደውላሉ። የእኛዎቹ ገና ወረቀቱን አንብበው ሳይጨርሱ ጠረጴዛ ላይ ይጎትቷቸዋል።

"ሸትቷቸው ነው?" አሉ እትዬ። "ከመካከላችን የሚያወራ አለ! ይገኛል፣ ተገኝቶም ዘብጥያ ይወርዳል።"

ይኼን ሲሉ ኬኩን ትተው እኔን ያያሉ። መልእክቱን የሚቀበለው ባሌ ነዋ! ደሜ ፈላ። እሱ እኮ ለኔ የአየር ሁኔታ እንኳ አይነግረኝም። "ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?" ስለው "ደህና" ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ "ደህና" ነው።

ለፒያኖዋ ሁሉንም ነገርኳት፣ አልቅሼ ወጣልኝ። ፀጉሬን እየዳበሰች "ምስኪን፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለችኝ።

ጥቅምት 24

ጉሮሮ ጠራኝ። የጸጥታ ኃላፊው ነው፤ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ እኛ ሚስቶች ያወጣንለት ስም ነው። ባልዎ በእንቅልፉ ያወራል? ማን ይደውልለታል? አዲስ ነገር ይገዛል?

ያንኮራፋል አልኩት። ጻፈው።

ጥቅምት 28

ቸኩያለሁ፣ ሚጢጢ ትጮሃለች። ባሌ ዛሬ ከሥራ ሲመጣ መንገዱ መሐል ቆሞ አንገቱን አንጋጦ አየሁት። በረንዳችንን፣ ከዚያ ዞሮ ማዶውን፣ ከዚያ በረንዳችንን። መኪና ጥሩንባ ነፋበት። የሚያየው ማዶ አምስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረውን ቀጭኗን ሴትዮ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ማታ፦ ፊቱ አመድ መስሎ ገባና "ከዛሬ ጀምሮ ጋዋኑን አታጥቢ" አለ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ቢሮ ይታጠባል።"

"ማሽኑ ተሠራ?"

"አልተሠራም።"

"ታዲያ ማን ያጥበዋል?"

"ሰው።"

ሰው! ሰው የሚባል ስም ያለው ማን ነው? ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሎሚ ገዝቼ ነበር፣ ደርቆ ይቀራል።

ኅዳር 2

የባሌን ቦርሳ ከፈትኩት። ያደረግኩትን አድርጌያለሁ፣ ማንም አያርመኝ። ጋዋኑ እዚያ ነው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ በሥርዓት ታጥፏል። የአበባ ሳሙና ይሸታል። የእጀታው ቀለም አንድም አልቀረ። ይኼ የዘበኛ እጅ አይደለም፤ ቀለም ማስለቀቅ የምታውቅ ሴት ናት። ከሁሉም ይበልጥ ያንገበገበኝ ከኔ አሳምራ መተኮሷ ነው።

ኅዳር 5

የፒያኖዋ እንኳ አስተዋለች። "ነጩን ልብስ ከሰጣሽ ቆየሽ እኮ፣ ምነው?" አለችኝ ገና ሻይ ሳትቀዳልኝ።

ዘረገፍኩላት። ጋዋኑን እንደወሰደብኝ፣ ሳሙናውን፣ መተኮሱን።

ሰማችኝና "ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር" አለች። "ባልሽን ቦርሳ ይዞ ድልድዩን ሲሻገር አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም።"



"እንዴት ብዬ ልወቅ? ብጠይቀው አይነግረኝም።"

"ያ የጸጥታ ኃላፊያችሁ ሰው ማስከተል ሥራው አይደለም? ንገሪው። ባልሽ ካላጠፋ ምን ያስፈራዋል? ካጠፋም ቢያንስ እውነቱን ታውቂያለሽ።"

ለኔ የሚያስብልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ኅዳር 6

ተጣላን። "ማን ናት?" አልኩት ፊት ለፊት።

"ማን?"

"ድልድዩን ተሻግረህ የምትሄድላት!"

ሳቀ። አጭር፣ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና "ድልድይ መሻገሬን ማን ነገረሽ?" አለ።

"የነገረኝ ነገረኝ።"

"እመኚኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም" ብሎ ትራሱን ይዞ ሳሎን ሄደ። እመኚኝ ይላል እንዴ ሰው፣ የሚታመን ነገር ሳያስቀምጥ? በሩን ስዘጋው ሚጢጢ ነቃች።

ኅዳር 7

ለጉሮሮ ነገርኩት። ቦርሳውን፣ ድልድዩን። ጉሮሮውን አልጠረገም። አመሰገነኝ።  ምን አደረግኩ? እውነቱን ነው የተናገርኩት። እውነቱን ነው።

ኅዳር 9

ያዙት።

ከድልድዩ ማዶ ያለ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጢማም ሽማግሌ ነው አሉኝ፤ ሴት የሚባል በአጠገቡ የለም። ጉሮሮ ይኼን ሲነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ባሌ ታስሮ እኔ ደስ አለኝ! ከወንበሩ ተነስቼ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የምስጢር ክፍል ጋዋን፣ በውጭ ዜጋ ሱቅ፣ በውሸት ስም። ለምን እንደወሰደው ይጠየቃል፣ አይመልስም። ለማን ምን እንደሚያቀብል ይጠየቃል፣ አይመልስም።"

"ሊያሳጥብ ነዋ! ሊያሳጥብ ነው የወሰደው!"

"ቤቱ ባለሙያ ሚስት እያለችው?"

ምን ልበለው? እኔም የጠየቅኩት ይኼንኑ አይደል?

ኤምባሲው ምድር ቤት ክፍል ውስጥ ዘበኛ አቁመውበታል። በሚቀጥለው በረራ ወደ አገር ቤት ይላካል፣ እዚያ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። ሚጢጢን አባትሽ መንገድ ሄዷል አልኳት። በገዛ እጄ ነው። አፌን በቆረጠው።

ኅዳር 11

ልብስ እንዳደርስለት ፈቀዱልኝ። ጢሙ አድጓል። የተበላሸው ማጠቢያ ማሽን ጎን ታጣፊ አልጋ ዘርግተውለታል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

"ተናገር እንጂ! ለምን ዝም ትላለህ?" አልኩት።

"ቤት የቀረውን ጋዋን እንዳትነኪው" አለኝ። "ሚጢጢም ፒያኖውን ታቁም።"

ሌላ ምንም የለም። እንዴት ነሽ የለም፣ በላችሁ ወይ የለም። በዚህ አገር ያለችኝን አንዲት ሰው ሊቀማኝ ነው እንዴ? በሩን አላትሜበት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ያመጣሁለትን ሹራብ እንዳልሰጠሁት ትዝ አለኝ፤ ተመልሼ መግባት ግን እልህ ያዘኝ።

ኅዳር 12

አጠብኩት። አትንኪው ስላለኝ ነው የነካሁት። ሰው ሲናደድ ዕቃ ይሰብራል፣ እኔ አጥባለሁ። በሎሚ፣ በጨው፣ በእንባ። አውጥቼ በረንዳው ላይ ሰጣሁት። የደነቀኝ፣ ፀሐይም ወጣች።

ማዶ ቀይ ብርድ ልብሷ ወጣ። ሐዘኔን ልትጋራኝ ነው ብዬ እጄን አውለበለብኩላት።

ኅዳር 13

ጠዋት እትዬ ደወሉ። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የሚያወሩለት ጠፍቶ ነው።

"ጉድ ልንገርሽ" አሉ። "እነዚያ ዛሬ ማለዳ 'እንገናኝ' ብለው ደወሉ! ምን መጥቶልን? ውስጠኛው ክፍል ባልሽ ከታሰረ ወዲህ ቁልፉ አልተነካም። አምባሳደሩ ቁርሳቸውን ትተው ሄዱ። የሚሉት የላቸው፣ እነዚያም የሚሰሙት አጡ፣ ተፋጠው ተመለሱ።"

ስልኩን ይዤ በመስኮቱ አየሁ። ጋዋኑ ገመዱ ላይ ነው። ማዶ ብርድ ልብሱ።

"አለሽ?" ይላሉ እትዬ። "አንቺ፣ አለሽ?"

አለሁ።

ከሰዓት፦ ሚጢጢን ላመጣ ሄድኩ። ጨርሳ ጫማዋን ስታደርግ የፒያኖው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስከዛሬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ የኔ ቦታ ሶፋው ነው። ቀና ስል መስኮቱን የሞላው የኔ በረንዳ ነው። የገመዱ ቋጠሮ ሳይቀር ይታያል።

"ነጩን አጠብሽ" አለች ከኋላዬ። "ባልሽ ተፈታ እንዴ?"

"ሊፈታ ነው።"

  በየቀኑ ስታቀምሰኝ የነበረውን ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት ደግሞ! አለመጠጣት ያስጠረጥራል ብዬ። 

ማታ፦ ደጋግሜ የማስበው ገመዱን ስንወጥር ነው። ወንበሩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። "እንዳትወድቂ" እያልኩ።

ኅዳር 15

ጉሮሮ ዘንድ ሄድኩ። ስናገር ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ።

"ስለዚህ አንድ የታጠበ ልብስ ነው ድርድራችንን ያበላሸው?"

"ጋዋን ታጠበ ማለት ረጅም መልእክት ገባ ማለት ነው። እኔ እሰጣለሁ፣ እሷ ብርድ ልብስ ታወጣለች፣ ብርድ ልብሷን የሚያይ ሌላ ሰው አለ። ባሌ ይኼን መንገድ ላይ ቆሞ አየ፤ ለዚህ ነው ጋዋኑን ከቤት ያራቀው።"

"ታዲያ ለምን አይናገርም?"

"ቢናገር ጋዋኑን ገመድ ላይ ያወጣችው ማን ናት ትሉት የለ?"

 "ሚስት ባሏን ለማዳን ብዙ ትላለች" አለኝ።

"ሚስት ባሏን ስታሳስር ግን ወዲያው አመኗት!" ጮህኩበት። "ነገ ምንም መልእክት ሳይመጣ ጋዋኑን አጥቤ እሰጣለሁ። እርስዎ ስልኩ ሥር ይቀመጡ።"

ኅዳር 16

ዘነበ። ከሌሊት ጀምሮ እንደ ጉድ። በዝናብ ልብስ ስሰጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፣ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ! ጋዋኑ ውሃ እየጠጣ ተንጠለጠለ። መጋረጃ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። አታወጣም፣ ማን እብድ ያወጣል አልኩ። አንድ ልቤ እንዳታወጣ ተመኘ። አሁንም እየተመኘሁ ነበር።

መስኮቷ ተከፈተ። ቀዩ ብርድ ልብስ ወጣ። ዝናቡ ይወቅጠዋል።

ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለባሌ ይሁን ለሷ አላወቅኩም። ማምሻውን ጉሮሮ ደወለ።

"ደወሉ" አለኝ። ይህችን ብቻ።

ኅዳር 17

መጣ። ሚጢጢ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለችበት። ሹራቡን አለበስኩት፣ ሞቅ ያለ ነገር አቀረብኩለት፣ ከዚያ ልጅቷ ስትተኛ ጀመርኩት። ሌላ ሴት ብትሆን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እኔ ከጭቅጭቅ በኋላ ነው የምጠይቀው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

አሰብኩ። "ሄጄ እጠይቃት ነበር።"

"እኮ።"

"እሺ፣ የጉሮሮስ? ለሱ ለምን አልተናገርክም?"

"አንቺን ነበር የሚወስዱት። ጋዋን ካልመጣ ብለሽ የነዘነዝሽ አንቺ፣ ገመድ የተቀበልሽ አንቺ፣ በየቀኑ ሻይ ስትጠጪ የዋልሽ አንቺ። አላወቀችም ብል ማን ይሰማኛል?"

"ቢያንስ ራቂያት ብትለኝስ!"

ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሲናገር ደግሞ ወደ ብርጭቆ ነው።

"እዚህ አገር ከመጣን ስትስቂ የሰማሁሽ ከሷ ጋር ስትሆኚ ብቻ ነው" አለ። "በመንገዱ ማዶ ይሰማል። ያንን እንዴት ብዬ ልከልክልሽ?"

ይቅርታ ጠየቅኩት። በመጨረሻ እሱ "በቃ፣ በቃሽ" እስኪለኝ ድረስ።

ኅዳር 21

የፒያኖዋ የለችም። ጉሮሮና ሰዎቹ የአገሩን ፖሊስ ይዘው ሲደርሱ በሯ ክፍት ነበር። ፒያኖው አለ፣ ሶፋው አለ። ብርድ ልብሱ መስኮቱ ላይ እርጥብ እንደሆነ ቀርቷል። ሚጢጢ ማን ሊያስተምረኝ ነው ትላለች። በሆነ ሰዓት እጄ ኩባያ ሁለት ሲያወጣ አገኘሁት።

ስንት ነገር ነው የነገርኳት? የነገርኳትን ሁሉ እንደገና ለራሴ እየነገርኩ እውላለሁ።

ባሌ ሰላይ አይደለም ተብሏል። ግን ጋዋን ከቢሮ አውጥቷል፣ ደንብ ደንብ ነው። ከሥራው ተሰናብቷል። ዓርብ እንሄዳለን። ጋዋኖቹ "በንጽሕና ተመላሽ ይሁኑ" የሚል ወረቀት ደርሶናል። በንጽሕና!

ኅዳር 24

ገመዱን በመቀስ ቆረጥኩት።

ከሻንጣዎቹ ጋር ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ስንሄድ ኤምባሲው በር ላይ መኪናው ቆመልን። ጋዋኖቹን ይዤ የወረድኩት እኔ ነኝ። አንደኛው ያን ቀን ዝናብ የደበደበው ነው፣ ሁለተኛው ባሌ ሲያዝ በእጁ የነበረው፣ ሲፈታ ከዕቃው ጋር የመለሱለት፣ ደረቱ እንደጠቆረ። አላጠብኩትም። ሎሚ ነበረኝ፣ ጨውም ነበረኝ።

ጉሮሮ ዘረጋው፣ አገላበጠው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይኼኛው አልታጠበም" አለኝ።

"ማሽናችሁን አሠሩ" አልኩት።

መኪና ውስጥ ስገባ ባሌ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰምቷል። ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር። ሚጢጢ ምን ሆናችሁ ብላ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች፤ እኔም ያዘኝና እስከ አውሮፕላን ጣቢያው ድረስ ጮክ ብለን ሳቅን።